ሲጋራን፣ መጠጥንና ማሪዋናን በአንድ ክስ አትክሰሱ

ግልጽ ደብዳቤ
ለወላጆች፣ ለመምህራንና ወጣቶችን ስለ ሱስ ለምታስተምሩ ሁሉ

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

የምጽፈው ልወቅሳችሁ አይደለም። ሥራችሁ ከባድ ነው፤ ምስጋናውም ትንሽ ነው። ግን ፊት ለፊት የማይነግሯችሁን ነገር ልንገራችሁ። ወጣቶቹ አያምኗችሁም።

በየዓመቱ ግንቦት 23 ቀን ትምባሆ የማይጨስበት የዓለም ቀን ይከበራል። ሰኔ 19 ደግሞ የአደንዛዥ ዕፅ መከላከያ ቀን ነው። አዳራሹ ይሞላል። የጠቆረ ሳንባ ፎቶ ይታያል። «ትምባሆ፣ አልኮልና ማሪዋና ትውልድ ያጠፋሉ» ይባላል። ተማሪው ያጨበጭባል። ከዚያ ግማሹ ስልኩን ያወጣል፣ ግማሹ የተናጋሪውን ድምፅ እያስመሰለ ይሳሳቃል።

ለምን? ሦስቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረን፣ በአንድ ድምፅ ስለምንጮህባቸው ይመስለኛል። «አንዴ የነካ አለቀለት» እንላለን። አንድ ልጅ ይህን ሰምቶ ይሄዳል። በሆነ ቀን ጓደኛው ማሪዋና ይሰጠዋል። ይሞክራል። አላበደም፣ አልሞተም። በማግስቱም ክፍል ገብቶ ተማረ። ታዲያ ምን ይላል? «ዋሹን» ይላል። እዚያ ላይ ቢቆም ባልከፋ። ስለ ሲጋራ የነገርነውን ትክክለኛ ነገር፣ ስለ መጠጥ የነገርነውን ትክክለኛ ነገር ሁሉ አብሮ ይጥለዋል። አንድ የተጋነነ ቃል አሥር እውነት ይዞ ይወድቃል።

ይህ የኔ ግምት ብቻ አይደለም። በ1983 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ «ዴር» የሚባል ፕሮግራም ተጀመረ። የደንብ ልብስ የለበሱ ፖሊሶች ክፍል እየገቡ ስለ አደንዛዥ ዕፅ ያስተምሩ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተቀበሉት። ወላጅ ወደደው፣ ፖለቲከኛ አሞገሰው። ተመራማሪዎች ደጋግመው ሲለኩት ግን ትምህርቱን የወሰዱትና ያልወሰዱት ልጆች በአጠቃቀም ብዙም አልተለያዩም። በኋላ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ለመቅረጽ ተገደዱ። እኛ ግን ዛሬም እዚያው አሮጌው ላይ ነን።

የምለምናችሁ ቀላል ነገር ነው። ሦስቱን ለየብቻ አስተምሩ። አደጋቸው አንድ አይደለም። አንዱ ዕድሜ ልክ ይዞ ይቆያል። አንዱ በአንድ ሌሊት ይገድላል። አንዱ ደግሞ ገና በመሠራት ላይ ያለ አእምሮ ውስጥ ገብቶ ይነካካል። ልጁ የትኛው ምን እንደሚያደርግ ካላወቀ በምን ይጠነቀቃል?

ከሲጋራ ልጀምር። ለ16 ዓመት ልጅ «በ60 ዓመትህ ካንሰር ይይዝሃል» ብትሉት 60 ዓመት ለሱ የሌላ ሰው ዕድሜ ነው። እውነት ነው፤ ትምባሆ በዓመት ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ይገድላል። ጭሱ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች አሉ፤ ቢያንስ 70ዎቹ ካንሰር አምጪ ናቸው። ንገሩት፣ አይጎዳም። ግን ከዚህ በፊት ሌላውን ንገሩት፤ አሁን፣ በዚህ ወር፣ ምን እንደሚወሰድበት።

ኒኮቲን ከሳንባ ተነስቶ አንጎል ለመድረስ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ይበቃዋል። እዚያ ደርሶ የደስታ ስሜት የሚሰጠውን ዶፓሚን ያስለቅቃል። አንጎል በበኩሉ ይለምደዋል፤ ኒኮቲን የሚቀበልባቸውን በሮች ያበዛል። ከዚያ በኋላ ሲጋራው ሲዘገይ ጭንቀት፣ ብስጭት፣ ሐሳብ መበታተን ይመጣል። ልጁ ያጨሳል፣ ይረጋጋል። «ሲጋራ ያረጋጋኛል» ይላል። ያረጋጋው ግን ራሷ ሲጋራዋ ካመጣችበት ጭንቀት ነው። የማያጨስ ጓደኛው ያለምንም ወጪ የሚያገኘውን መደበኛ ስሜት እሱ ቀኑን ሙሉ እየከፈለ ይገዛዋል። ይህን በደንብ ሲያስረዱት ያልገባው ወጣት አላየሁም።

ሌላም አለ። አንዳንድ ታዳጊዎች ላይ የሱስ ምልክት የሚታየው ገና በየቀኑ ማጨስ ሳይጀምሩ ነው። «ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው የማጨሰው» የሚለው መከላከያ ያን ያህል አያስተማምንም።

ስለ ቬፕም፣ ማለትም ስለ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ አትርሱ። ሽታው የፍራፍሬ፣ መልኩ የፍላሽ ዲስክ ነው። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ግን ያው ኒኮቲን ነው። አንዳንዱ እንዲያውም ከሲጋራ ያላነሰ ይሰጣል። ጭስ ስለሌለው ከሲጋራ ያነሰ መርዝ ይኖረዋል፤ ይህን አትካዱ። ቀድሞ ለሚያጨስ አዋቂ አንድ ነገር ነው። ምንም አጭሶ ለማያውቅ ልጅ ግን የሱስ መግቢያ በር ነው።

ወጣትን ከማስፈራራት ይልቅ ማናደድ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። የሚያናድደው ደግሞ መሸወድ ነው። በአሜሪካ በየቀኑ ከሚያጨሱ አዋቂዎች ከ10ሩ 9 ያህሉ የመጀመሪያዋን ሲጋራ የሞከሩት 18 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። የትምባሆ ኩባንያዎች ይህን ከኛ በፊት ያውቁት ነበር። በ1984 አር ጄ ሬይኖልድስ ኩባንያ ውስጥ የተጻፈ የውስጥ ሰነድ፣ የሚሞቱትንና የሚያቆሙትን አጫሾች የሚተኩት ወጣቶች ብቻ እንደሆኑ በግልጽ አስቀምጧል። በ1994 የትልልቆቹ ኩባንያዎች ኃላፊዎች አሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርበው፣ ምለው፣ ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል ብለው እንደማያምኑ ተናገሩ። በኋላ የወጡት ሰነዶች ኩባንያዎቹ የሱሱን ነገር ከብዙ ዓመት በፊት እንደሚያውቁ አሳዩ። ይህን ታሪክ ለአንድ ክፍል ተማሪ ንገሩና ፊታቸውን እዩ። ሲጋራ መያዝ አራዳነት መሆኑ ይቀርና፣ ማጨስ በሽማግሌ ነጋዴዎች መሸወድ ይሆናል።

አንድ የምስራችም አለ፤ መድረክ ላይ ግን ሲነገር አልሰማም። በ1951 የተጀመረው የእንግሊዝ ሐኪሞች ጥናት ለ50 ዓመታት ተከታትሎ ያገኘው ይህ ነው። ሳያቆሙ ያጨሱ ሰዎች በአማካይ 10 ዓመት ያህል ዕድሜ ያጣሉ። በ30 ዓመታቸው ያቆሙት ግን ያንን ጉዳት ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ያመልጡታል። የ17 ዓመት አጫሽ «አለቀልህ» ሳይሆን «ገና ነህ» መባል አለበት። ሲያቆም የሚከብዱት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት እንደሆኑ፣ ከሳምንታት በኋላ አምሮቱ እየቀለለ እንደሚሄድም ይወቅ። አለቀልህ የተባለ ሰው ለምን ብሎ ያቆማል?

አሁን ወደ መጠጥ። እዚህ ላይ ትንሽ አምርሬ ብጽፍ ይቅር በሉኝ፤ ብዙውን ዝምታችንን የማየው እዚህ ነውና። ደስ ሲለን ብርጭቆ እናነሳለን። ስናዝንም እናነሳለን። ልጆቻችን ፊት «ትናንት ጢንቢራችን ዞሮ» እያልን እንስቃለን። ከዚያ ልጁን «መጠጥ ክፉ ነው» እንለዋለን። ክፋቱን ሳይሆን ሳቁን ይማራል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2019 ከአልኮል ጋር በተያያዘ 2.6 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ከ20 እስከ 39 ባለው ዕድሜ የጉዳቱ ድርሻ ከሌላው ዕድሜ ሁሉ ከፍ ይላል። ሲጋራ ሽማግሌ እስክትሆን ይጠብቅሃል፤ መጠጥ አይጠብቅም። መኪና አለ፣ ጠብ አለ፣ ውኃ አለ፣ ደረጃ አለ። ደግሞም ራሱ መጠጡ አለ።

ይህ የመጨረሻው ነገር በደንብ አይነገርም፤ ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው። ጉበት አልኮልን የሚያቃጥልበት ፍጥነት የተወሰነ ነው፤ በግምት አንድ መደበኛ መጠጥ (አንድ ጠርሙስ ቢራ ያህል) በሰዓት። ቡና አያፈጥነውም። ቀዝቃዛ ሻወርም አያፈጥነውም። ቡና የጠጣ ሰካራም ያልተኛ ሰካራም ነው፤ በቃ። ልጆች በውርርድ በላይ በላዩ ሲጠጡ ሆድ ውስጥ ያለው ገና ወደ ደም አልገባም። ብርጭቆውን ካስቀመጡ በኋላም፣ ከተኙ በኋላም፣ በደም ውስጥ ያለው መጠን ሊጨምር ይችላል። መጠኑ ሲያልፍ አልኮል መተንፈስን የሚቆጣጠረውን የአንጎል ክፍል ያደነዝዛል። ትንታን የሚመልሰውንም ያደነዝዛል። በጀርባው የተኛ ልጅ አስመልሶ በራሱ ትውከት ሊታፈን ይችላል።

ጓደኞቹ ታዲያ ምን ያደርጋሉ? «ይተኛ፣ ያልፍለታል» ብለው በር ይዘጉበታል። ደጋግ ልጆች ናቸው። አላወቁም፤ ወይም ፈርተዋል። አምቡላንስ ቢጠሩ ፖሊስ ይመጣል፣ ቤተሰብ ይሰማል፣ ከትምህርት ቤት እንባረራለን ብለው ይሰጋሉ።

ስለዚህ ከጠቆረው ሳንባ ፎቶ አጠገብ ይህንንም ስቀሉ። ጓደኛህ ሲጠሩት የማይነቃ ከሆነ፣ ትንፋሹ የዘገየ ወይም የሚቆራረጥ ከሆነ፣ ቆዳው ከቀዘቀዘ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ፣ እንቅልፍ አይደለም። ብቻውን አትተወው። በጎኑ አስተኛው። አታስመልሰው፣ ቡና አትስጠው። እርዳታ ጥራ። ለእርዳታ የጠራ ልጅ አይቀጣም የሚል ቃልም ከትምህርት ቤቱም ከወላጅም በጽሑፍ ይውጣ። ቃሉ ከወጣ ደግሞ አክብሩት። አንዴ ቢታጠፍ ቀጣዩ ልጅ ስልኩን አያነሳም።

«ይህ እንዲጠጡ መፍቀድ አይሆንም ወይ?» የሚል ወላጅ አይጠፋም። አይሆንም። ዋና ማስተማር በጎርፍ ውስጥ ግባ ማለት አይደለም።

ሌላው ልጆች የሚስቁበት ነገር «ምንም አላስታውስም» የሚባለው ነው። ማታ ዘፍኗል፣ አውርቷል፣ ታክሲ ተሳፍሯል፤ ጠዋት ሁሉም ተሰርዟል። የተረሳ አይደለም፤ መጀመሪያውኑ አልተመዘገበም። ትዝታን የሚመዘግበው የአንጎል ክፍል ለሰዓታት ሥራ አቁሟል ማለት ነው። ያው ክፍል ነው ነገ ለፈተና የሚያስፈልገው። ለሴት ልጆችም ለወንዶችም፣ በዚያ ባልተመዘገበ ሰዓት ምን እንደተደረገባቸው አለማወቅ ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ይህን በግልጽ ተነጋገሩበት፤ እያፈራችሁም ቢሆን።

በአሜሪካ የተደረገ ሰፊ ጥናት ከ15 ዓመታቸው በፊት መጠጣት ከጀመሩት 40 ከመቶ ያህሉ በሕይወታቸው በሆነ ጊዜ የአልኮል ጥገኛ እንደሆኑ አሳይቷል። በ20 ዓመታቸውና ከዚያ በኋላ የጀመሩት 10 ከመቶ አካባቢ ናቸው። ቀድሞ መጀመሩ ብቻውን ነው ምክንያቱ ማለት አይቻልም፤ ቤተሰብም፣ ችግርም፣ ተፈጥሮም ይገባበታል። ግን «ከቤት ይልመደው፣ በልጅነቱ ይጥገብ» የሚለው ብልሃት የሚደግፈው ነገር አልተገኘለትም። አልኮል በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ካንሰር አምጪ ተብሎ ከተመዘገበ ከ1988 ጀምሮ ስንት ጊዜው ነው። ከትምባሆ ጋር በአንድ ምድብ ነው ያለው። ጠርሙሱ ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይጻፍም።

ማሪዋና ላይ ስንደርስ ውሸቱ ከሁለት ወገን ነው። አንዱ ወገን «አንዴ ያጨሰ ያብዳል» ይላል። ሌላው «ቅጠል ነው፣ ተፈጥሮ ነው፣ ምንም አያደርግም» ይላል። ልጁ መሀል ቆሞ የሚጥመውን ይመርጣል። የትኛው እንደሚጥመው መገመት አያቅትም።

እውነቱ መሀል ላይ ነው፤ ግን ለወጣት ሲሆን ወደ አደጋው ያጋድላል። የሚያሰክረው ዋናው ንጥረ ነገር ቲኤችሲ ይባላል፤ ሳይንቲስቶች ለይተው ያወጡት በ1964 ነው። አንጎላችን ለራሱ የሚያመርታቸው ተመሳሳይ ኬሚካሎች አሉት። እነሱ የማስታወስ፣ የምግብ ፍላጎት፣ የስሜትና የፍርሃት ሚዛን ይጠብቃሉ። በጉርምስና ደግሞ አንጎል ሲሠራ የትኛው ሽቦ ይቅር፣ የትኛው ይቆረጥ በሚለው ላይ እጃቸው አለበት። ይህ ሥራ እስከ 25 ዓመት አካባቢ አያልቅም። መጨረሻ የሚደርሰው የፊተኛው ክፍል ነው፤ ማለትም «ቆይ፣ ነገስ?» የሚለው ክፍል። ቲኤችሲ መሀል ገብቶ ይረብሻል። ለ40 ዓመት ሰውና ለ15 ዓመት ልጅ አንድ ዓይነት አይደለም የምንለው ለዚህ ነው።

ቁጥር ከፈለጋችሁ፦ ማሪዋና ከሚሞክሩ ሰዎች 9 ከመቶ ያህሉ ጥገኛ ይሆናሉ። በታዳጊነታቸው ከጀመሩት ግን ከ6ቱ 1 ያህል። ብዙው ሰው አይያዝም ማለት ነው። ይህንንም ንገሯቸው፤ ከስድስቱ አንዱ ማን እንደሚሆን ግን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ስለ አእምሮ ሕመምም እውነቱ ይነገር። በ1987 የታተመ የስዊድን ጥናት ለውትድርና የተጠሩ ከ45 ሺህ በላይ ወጣቶችን ለ15 ዓመታት ተከታተለ። በ18 ዓመታቸው ከ50 ጊዜ በላይ ካናቢስ (ማሪዋና) ያጨሱት ላይ ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ሥጋት ካላጨሱት 6 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ሁሉም ታመሙ ማለት አይደለም፤ አብዛኛዎቹ አልታመሙም። በቤተሰቡ ውስጥ ይህ ሕመም ያለበት ልጅ ግን ከሌላው በላይ ሊፈራ ይገባል። ታዲያ ስንቶቻችን ነን ለልጃችን «በቤተሰባችን ይህ ነገር አለ» ብለን የነገርነው? ሰው እንዳይሰማ ብለን የደበቅነው ነገር ለልጁ ከሁሉ የሚያስፈልገው ማስጠንቀቂያ ነበር።

«እኛም በወጣትነታችን ሞክረን ነበር፣ ምን ሆንን?» ለሚሉ አባቶች ደግሞ አንድ ነገር። ያኔ የነበረው ማሪዋና የዛሬው አይደለም። በአሜሪካ በፖሊስ ከተያዘው ላይ ሲለካ በ1995 የቲኤችሲ መጠኑ 4 ከመቶ አካባቢ ነበር። በቅርብ ዓመታት ወደ 15 ከመቶ ደርሷል። ከላቦራቶሪ የሚወጡት ሰው ሠራሽ ዓይነቶች ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነገር ናቸው፤ ሰው ገድለዋል።

ልጆቹ «እነ ካናዳ ፈቅደዋል» ሲሏችሁ አትደንግጡ። አዎ፣ ካናዳ በ2018 ፈቀደች። ለማን? ለአዋቂ። ከ18 ወይም ከ19 ዓመት በታች ያለ አይገዛም፤ ኩቤክ የምትባለው ግዛቷ እንዲያውም 21 አድርጋዋለች። የፈቀዱት ሰዎችም ከልጆች አርቀውታል።

እስካሁን ስለ ንግግር አወራሁ። ንግግር ብቻውን ግን አይበቃም፤ አይስላንድን እዩ። በ1998 ከ15 እስከ 16 ዓመት ባሉ ልጆቿ ላይ ጥናት ሲደረግ 42 ከመቶው ባለፈው ወር ሰክረው እንደነበር ተናገሩ። 23 ከመቶው በየቀኑ ያጨሱ ነበር። በ2016 ሰከርን ያሉት 5 ከመቶ፣ በየቀኑ የሚያጨሱት 3 ከመቶ ሆኑ። ካናቢስ የሞከሩት ከ17 ወደ 7 ከመቶ ወረዱ። ምን አደረጉ? የትምባሆና የአልኮል ማስታወቂያ ከለከሉ። የመግዣ ዕድሜውን አስከበሩ። ልጆች ማታ እስከ ስንት ሰዓት ውጭ መቆየት እንደሚችሉ ወሰኑ፣ ወላጆችም አብረው ተስማሙበት። ከሁሉ በላይ ግን ልጆቹ የሚሄዱበት ቦታ ሠሩ፤ ኳስ፣ ሙዚቃ፣ ዳንስ፣ በባለሙያ አሠልጣኝ፣ ለሚቸገር ቤተሰብ ገንዘቡን እየደጎሙ። በየዓመቱም ልጆቹን ራሳቸውን እየጠየቁ ለኩ። ሀገሪቱ ትንሽና ሀብታም ናት፣ እንደወረደ አይገለበጥም። ግን «የአቻ ግፊት፣ የአቻ ግፊት» እያልን ሁሉንም ለጓደኛ ከመስጠት የሚያወጣን ሐሳብ አለው። ልጁ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ፋራ ሳይባል የሚሄድበት ቦታ አለው ወይ? ይህ የአስተዳደር ጥያቄ ነው፤ የምክር አይደለም።

ለትምህርት ቤት አስተዳዳሪዎች አንድ ነገር ብቻ። ሲያጨስ የተያዘን ልጅ ማባረር ችግሩን ከግቢያችሁ ያወጣዋል እንጂ ከልጁ አያወጣውም። ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጠው ከማን ጋር ነው? ይቀጣ፣ ግን እዚያው። አማካሪ ይየው፤ ለምን እንደጀመረ የሚጠይቀው ሰው ያግኝ። ብዙ ጊዜ ከሲጋራው ጀርባ እንቅልፍ ማጣት፣ ድብርት፣ ወይም ቤት ውስጥ ያለ ጠብ ይገኛል።

ለወላጆች ደግሞ፦ ኪስ ከመፈተሽ በፊት ጠይቁ። «አጭሰሃል?» የሚል ምርመራ ውሸት ነው የሚወልደው። «እናንተ ክፍል የሚያጨሱ አሉ? ለምን ይመስልሃል?» ብላችሁ ጀምሩ። ከዚያ ዝም በሉ። ለእኛ ለወላጆች ከባዱ ይሄ ነው። ሲናገር መሀል ገብታችሁ አትምከሩ። የሚጠጣ ሰው የሚነዳው መኪና ውስጥ ላለመግባት በማንኛውም ሰዓት ቢደውል፣ ያለ ጥያቄ ሄዳችሁ እንደምታመጡት ንገሩት። ቁጣው ካስፈለገ ጠዋት ይደርሳል።

በመጪው ሰኔ 19 መድረክ የምታዘጋጁ ካላችሁ፣ ከመነጽር ማዶ ሆኖ ወረቀት የሚያነብ እንግዳ ቀንሱ። በምትኩ ስም የማይጻፍበት ወረቀት ለተማሪዎቹ አድሉና ጥያቄያቸውን ይጻፉ። አንድ ነርስ ወይም ሐኪም፣ ከተቻለም ከሱስ የወጣ ሰው አስቀምጡና ጥያቄዎቹ እንዳሉ ይነበቡ፣ አሳፋሪ የሚመስሉትም ጭምር። የማታውቁት ጥያቄ ከመጣ «አጣርቼ እነግራችኋለሁ» በሉና ሰኞ መልሱን ይዛችሁ ኑ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ወላጅ